በእኛ ላይ የሚያልፈው መሥመር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ጭሮ፣ አባቶቻችን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያሉ የሚጠሯት ከተማችን፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። ይሁን እንጂ ምድር ሁለት መቀነት እንዳላት ብዙዎቻችን አልሰማንም። አንደኛው በካርታ ላይ የምናየው፣ በኬንያና በኡጋንዳ የሚያልፈው የምድር ወገብ ነው። ሁለተኛው የማግኔት ወገብ ይባላል፤ እርሱም ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠመዝማዛ ነው፤ ከዘመን ወደ ዘመንም በጥቂት በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ በአፍሪካ ሲያልፍ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ አገራችንን ያቋርጣል። እኛ የምንኖረው በእርሱ አጠገብ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ መሥመርና፣ መሥመሩ ከዓለም የጠፈር ሊቃውንት ማኅበራት ጋር እንዴት እንዳገናኘን ነው።

የማግኔት ወገብ ምን እንደሆነ በመርፌ ማሳየት ይቻላል። ባለፈው ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ የልብስ መስፊያ መርፌ በቀጭን ክር ወገቡን አስረን፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል እስኪስተካከል ድረስ አንጠለጠልነው። ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ባወጣነው ማግኔት ደጋግመን አሸነውና እንደገና አንጠለጠልነው። መርፌው ዞሮ ዞሮ ሰሜንና ደቡብን ያዘ፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ተጋድሞ ቀረ። ይኸንኑ መርፌ ኖርዌይ ወስደን ብናንጠለጥለው ኖሮ የሰሜን ጫፉ ወደ መሬት አቀርቅሮ ሊቆም ምንም ያህል ባልቀረው ነበር። በማግኔት ወገብ ላይ ግን መርፌ ይተኛል። መርፌው የሚተኛባቸው አገሮች በዓለም ላይ ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ፔሩ፣ ናይጄሪያ፣ ኢትዮጵያ፣ የደቡብ ህንድ ጫፍና እነዚህን የመሰሉ ናቸው።

ይህ መሥመር ሊቃውንትን ያስጨነቀበት ምክንያት ደግሞ ከመርፌው ይበልጣል። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የፀሐይ ጨረር ቀጭኑን አየር በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ቀን ቀን፣ ልክ በማግኔት ወገብ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። እንደ አዋሽ ወንዝ ጠባብ መንገድ ይዞ ይሄዳል እንጂ እንደ ባሕር አይንጣለልም፤ ከመሥመሩ ግራና ቀኝ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲርቁ ኃይሉ ይደክማል። አውሮፕላን እዚያ አይደርስም፤ ባሉንም አይደርስም። ሳተላይት ደግሞ በዚያ ዝቅታ ላይ አየሩ እያከሸፈው ብዙ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ ጅረቱን ለማወቅ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ ከሥሩ በምድር ላይ ሆኖ የማግኔቱን መንቀጥቀጥ ቀንና ሌሊት መመዝገብ፣ አለዚያም አጭር ሮኬት ወደ ላይ ሰድዶ በመካከሉ ማሳለፍ። ለሁለቱም ቢሆን በሥፍራው መገኘት ግድ ነው። ለንደንም ሞስኮም ዋሽንግተንም በሥፍራው አይደሉም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከሰኔ 24 ቀን 1949 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. ያለው ጊዜ «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ተብሎ ተሰየመ። ዓመት ቢባልም ዓመት ከመንፈቅ ነው። የሰየሙት ነገሥታት ወይም የጦር አዛዦች ሳይሆኑ የዓለም ሳይንሳዊ ማኅበራት ናቸው። ጊዜው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአቶሚክ ቦምብ የሚፈራሩበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ከ60 በላይ የሚሆኑ አገሮች ሊቃውንት ምድርን፣ አየርን፣ ባሕርንና ጠፈርን በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ ለመለካት ተስማሙ። የተለካውም ቁጥር በአንድ አገር ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በሶቪየት ኅብረት፣ የቀሩትም በሌሎች አገሮች በተቋቋሙ የዓለም መዛግብት ማዕከሎች እንዲቀመጥ አደረጉ። እኔ ከዚህ ስምምነት ሁሉ የማደንቀው ይኸንን የመዛግብት ደንብ ነው። ጠላት ለጠላቱ ቁጥሩን አምኖ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ስፑትኒክ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የወጣችው በዚሁ ዓመት ሥራ ስም ነው። ክብደቷ 83 ኪሎ ያህል ነበር። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ድምፅዋን ለመስማት ይችል ነበር። በጥር 1950 ዓ.ም. አሜሪካኖች ኤክስፕሎረር የተባለችውን ላኩ፤ እርስዋም በምድር ዙሪያ ያለውን የጨረር ቀበቶ አስገኘች። በእርግጥ ስፑትኒክን ያወጣው ሮኬት ቦምብ ለመሸከም የተሠራ ሮኬት ነበር፤ ይህንን ደብቆ ስለ ሰላም ብቻ መናገር ተገቢ አይመስለኝም። ማኅበራቱ ሮኬቱን ለማስፈታት ጦር አልነበራቸውም። የነበራቸው ነገር ቢኖር አንድ ሥራ ነው፤ ያ ሮኬት ከቦምብ ሌላ የሚሸከመው ዕቃ እንዲኖረው አደረጉ።

ኢትዮጵያ በዚህ ዓመት ውስጥ ምን ሠራች? ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆኖት ነበር። በኮሌጁ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን፣ አዲስ አበባ በማግኔት ወገብ አጠገብ መሆኗን ተመልክተው፣ አራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። በ1950 ዓ.ም. ጣቢያው የማግኔቱን እንቅስቃሴ መመዝገብ ጀመረ። ሮኬት አልነበረም፤ ትልቅ ሕንፃም አልነበረም። የነበረው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መለኪያና፣ መዝገቡን በሰዓቱ የሚከታተል ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከዚያች ክፍል የወጣው ቁጥር፣ ከታላላቅ አገሮች ቁጥር ጎን ለጎን በአንድ መዝገብ ገባ። ከሌላ ከማንም ሊገኝ የማይችል ቁጥር ስለሆነ ማንም ሊንቀው አልቻለም።

አባ ጉዌን በማግኔቱ ብቻ አልቆሙም። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያም አቋቁመው፣ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰውን ታላቅ መንቀጥቀጥ አጠኑ። በመጨረሻም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በፈረንጆች 1979 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙ። በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ለምንኖር፣ ከሜኤሶ ቆላ እስከ ጭሮ ደጋ ላለን ሰዎች፣ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

እኔ የመጀመሪያ ትምህርቴን በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ የዝናብ መለኪያ ነበር። ተረኛው ልጅ ጧት ጧት ውኃውን ለክቶ በደብተር ይጽፋል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀንም «0» ብለን እንድንጽፍ እኅተ ማርያሟ ያስገድዱን ነበር። እኛ ልጆች ይህ ነገር ያስቀን ነበር፤ ምንም የሌለበትን ለምን ይጻፋል እንል ነበር። ዛሬ ግን የአራት ኪሎው ጣቢያ ታሪክ ሲነገረኝ ያ ዜሮ ይታወሰኛል። ያልተጻፈ ቀንና ዝናብ ያልዘነበበት ቀን አንድ አይደሉምና።

የጂኦፊዚክሱ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሊቃውንቱ ሥራው እንዳይበተን ሰጉ። ስለዚህ በ1951 ዓ.ም. የሳይንሳዊ ማኅበራቱ ምክር ቤት የጠፈር ምርምር ኮሚቴን፣ በአጭር ስሙ ኮስፓር የተባለውን፣ አቋቋመ። የሁለቱም ወገን ሊቃውንት በዚያ ጉባኤ እየተገናኙ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ፀሐይ ይወያዩ ነበር። መንግሥታትም ዘግይተው በጥር 1959 ዓ.ም. የጠፈርን ውል ለፊርማ አቀረቡ፤ በውሉ መሠረት ማንም አገር ጨረቃን የራሴ ነው ሊል አይችልም፤ የኑክሌር መሣሪያም በምድር ዙሪያ ማኖር የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ህንድ እንሻገር፤ መሥመሩ ከእኛ ተነሥቶ ወደዚያ ይሄዳልና። የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ በፈረንጆች 1962 ዓ.ም. በማግኔት ወገብ ላይ ለሁሉም አገር ሊቃውንት የሚያገለግል የሮኬት መተኰሻ እንዲኖር አሳሰበ። ህንዳዊው ሊቅ ቪክራም ሳራባይ ይህንን ሰምተው በደቡብ ህንድ ባሕር ዳርቻ ቱምባ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር መረጡ። መንደሪቱ በመሥመሩ ላይ ናት። ነገር ግን በመንደሪቱ መካከል በመግደላዊት ማርያም ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በዙሪያውም የድኾች ቤት። ሊቁ ወደ ጳጳሱ ሄደው ለመኑ። ጳጳሱም ሕዝቡን ጠየቁ፤ ሕዝቡም ፈቀደ። ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮና ሥራ ቤት ሆነ። የሮኬቱ ክፍል በብስክሌት ላይ ተጭኖ ሲሄድ የሚያሳየው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው።

ኅዳር 11 ቀን 1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሮኬት ከቱምባ ወጣ። ሮኬቱ የአሜሪካ ነበር፤ በጫፉ የተጫነው መሣሪያ የፈረንሳይ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረትም ለጣቢያው ዕርዳታ ሰጥታ ነበር። በዚያ ዘመን እነዚህ አገሮች በሌላ በየትኛው ጉዳይ በአንድ ሜዳ ላይ ሊሠሩ ይችሉ እንደነበር ንገሩኝ! የዚያ ሜዳ ልጆችም አልተኙም። ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ህንድ መንኰራኵሯን በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ በሰላም አሳረፈች፤ በዚያ አካባቢ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር።

ወላጆቼ ሆይ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። መሥመሩ አንድ ነው። እኛ በ1950 ዓ.ም. በመሥመሩ ላይ መለኪያ ተክለናል፤ እነርሱ በ1956 ዓ.ም. ሮኬት ተኰሱ። ድህነትም በሁለታችን ዘንድ ነበረ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መሬታቸው ሰፊ፣ ሕዝባቸው ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። በመካከሉም እኛን ጦርነትና ረኃብ እንዳገኘን አውቃለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ህንዶች ለሮኬቱ የመጡትን እንግዶች ሲያስተናግዱ የገዛ ልጆቻቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ማስተማራቸውን መርሳት አይገባም። የአራት ኪሎው ጣቢያ መልካም ቁጥር ለዓለም ሰጠ፤ ነገር ግን ቁጥሩን የሚያነቡ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች እስኪገኙ ድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ወሬው ሁሉ የሚያሳዝን ግን አይደለም። በፈረንጆች 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲቋቋም፣ መሥራቾቹን ሰዎች «እብዶች» ይሏቸው ነበር። እብዶቹም ሳይበተኑ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አስተከሉ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበርም፣ ይኸውም በ1911 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ሥነ ፈለክን ለልማት የሚያውል የምሥራቅ አፍሪካ ጽሕፈት ቤቱን በአገራችን አደረገ። ይኸው ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኬፕታውን፣ ያደረገው በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ወጣች። ክብደቷ 72 ኪሎ ያህል ነው፤ ከስፑትኒክ ታንሳለች ማለት ነው፤ ነገር ግን ሰብልን፣ ደንንና ውኃን ከላይ ሆና ፎቶግራፍ ለማንሣት ታስባ የተሠራች ናት፤ ስፑትኒክ ከድምፅ በስተቀር ሌላ ሥራ አልነበራትም። ከወጣባት 8 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሰጠች ቻይና ናት። ይህን መናገር ውርደት አይደለም፤ የቱምባም ሮኬት የተሰጠ ነበር። ዋናው ነገር የተሰጠውን የተቀበሉት መሐንዲሶቻችን ቀጣዩን ራሳቸው እንዲሠሩ ማድረጉ ላይ ነው።

በሂርና አጠገብ የሚያርሱ አጎት አሉኝ። ይህን ንግግር ስጽፍ አነበብኩላቸውና «አንተ ልጅ፣ መሬቱ ሳይበቃን ሰማዩን ምን ታደርገዋለህ? ዝናቡን ያመጣልናል ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁም ጥያቄ ስለሆነ በንቀት አላልፈውም። አያመጣም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ቀርቶ የምዕራብ ሐረርጌ ከብትና ሰው እንዴት እንደተጎዳ እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን በዚያ ዓመት የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ ያለ ልክ እየሞቀ መሆኑ፣ ይህም ሲሆን የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ እንደሚከዳ፣ በሳተላይትና በባሕር ላይ መለኪያዎች አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ወሬው ከሊቃውንቱ ጉባኤ እስከ ሂርና ገበያ ለመድረስ ነው የዘገየው። ያንን መንገድ የሚያሳጥረው ሰማዩንም ገበያውንም የሚያውቅ የአገሬው ልጅ ነው። አጎቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉ፤ መስማማታቸው ይሁን መተዋቸው አላወቅሁም።

ከጨዋታም ለጨዋታ የሚሆን ነገር ላምጣ። የሥነ ፈለክ ማኅበሩ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለ112 አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና በኮከቡ ዙሪያ የሚዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ከዚያ በፊት ኤች ዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ ይታወቅ ነበር። ሕዝባችን ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» ብሎ ሰየመ፤ ስሙም ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሳተላይታችን ልትወጣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ለዓለም ተነገረ። አቦል ከፕላኔቶች ታላቅ ከሆነው ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ቡናን ዞሮ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይወስድበታል። ከዚያ ኮከብ እስከ እኛ ብርሃን 200 ዓመት ያህል ይጓዛል፤ ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃን በዘመነ መሳፍንት የተነሣ ነው። ሁለተኛና በረካ ገና አልተገኙም።

ሥያሜው ሲያስደስተኝ አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። በሰማይ ላይ ቡና ስንተክል በሐብሮና በቦኬ፣ በገዛ ወረዳዎቻችን፣ ብዙ ገበሬ የቡናውን ግንድ ነቅሎ ጫት እየተከለ ነው። ጫቱ ቶሎ ገንዘብ ያመጣል፤ ገበሬውን አልፈርድበትም። የምፈርደው ከክፍላችን እየተነሡ ወደ ጫት ተራ ሄደው ሳይመለሱ የቀሩትን ጓደኞቻችንን ዝም ብለን በማየታችን ነው። ከእነርሱ አንዱ በሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ከትምህርት ቤታችንና ከወላጆች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለሳይንስ ክበባችን አንድ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ የሩቅ መመልከቻ መነጽርና፣ የማያልቅ ደብተር ይሰጠን። መዝገቡን በየቀኑ እንይዛለን፤ ዜሮውንም እንጽፋለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለእንጦጦም ሆነ ለሌላ ማኅበር «ከጭሮ የተለካ» ብለን የምንልከው ነገር ይኖረናል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲመጣ የላኪው ከተማ ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑን የሚጠይቅ ሊቅ የለም፤ የሚጠየቀው በትክክል መለካቱ ነው።

ቡናን ለማየት የሚፈልግ ሁሉ በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይምጣ። ፊታችንን ወደ ሰሜን እናዞራለን፤ ከአድማሱና ከራሳችን አናት አጋማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የግራው አልማክ፣ የቀኙ አልጎል ይባላል። ቡና በሁለቱ መካከል፣ ልክ በእኩሌታው ገደማ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ መነጽሩን ተራ በተራ እንቀባበላለን። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት የሳይንስ ክበቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ደጋው ስለሚበርድ ጋቢ ይዛችሁ ኑ።